የአውሮፕላንን ፍጥነት ከድምፁ መለካት፦ በነውጠኛ አየር ውስጥ የዶፕለር ለውጥን የመገመት አሠራር

አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ይወርዳል። ምን ያህል እንደወረደ የአውሮፕላኑን ፍጥነት ይናገራል፤ በምን ያህል ጥድፊያ እንደወረደ ደግሞ ምን ያህል ራቅ ብሎ እንዳለፈ። ይህ የዶፕለር ለውጥ ይባላል። ክርስቲያን ዶፕለር ሐሳቡን በ1842 እ.ኤ.አ. ካቀረበ ከሦስት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት መለከት ነፊዎችን ባቡር ላይ ጭኖ፣ ሌሎች ሙዚቀኞችን ከሐዲዱ ዳር አቁሞ ነገሩን በጆሮ ፈትኖታል። ዛሬ ያን ሙከራ በስልክ መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ቀመር አየሩ ዝም ብሎ እንደተኛ አድርጎ ይቆጥራል። ደጅ ያለው አየር ግን አይተኛም። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሙቅ አየር ወደ ላይ ይለቃል፣ ንፋሱ በሕንፃና በዛፍ እየተመታ አዙሪት ይሠራል፣ ድምፁም በዚህ ሁሉ መሃል አልፎ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይከስማል፣ ድግግሞሹም ይወላውላል። ብዙ ጊዜ «ልኬቴን ያበላሸው ነውጡ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ነውጡ እያንዳንዷን ቅጽበት ያናውጣታል እንጂ አማካዩን እምብዛም አያዛባም፤ ትልልቁ ስሕተት የሚገባው በሌላ በር ነው። ከታች በቁጥር አሳያለሁ።

ምሳሌ ያደረግሁት ዳሽ 8-400ን ነው፤ ብዙዎች «ኪው 400» የሚሉት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን። የመረጥኩት ድምፁ ንጹህ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር 6 ምላጭ አለው፤ የሚዞርበትም ፍጥነት በመቆጣጠሪያ የተወሰነ ነው፦ በደቂቃ 1020፣ 900 ወይም 850 ዙር። 6 ምላጭ በደቂቃ 1020 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 102 ምት ይሰጣል። በ900 ዙር 90 ሄርዝ፣ በ850 ዙር 85 ሄርዝ ነው። ማለትም የምንጩን ትክክለኛ ድግግሞሽ አስቀድመን እናውቃለን፤ በመጨረሻ ሥራችንን የምንፈትሸውም በዚሁ ነው። ጄት ለጀማሪ አይመከርም፤ ድምፁ አብዛኛው የተቀላቀለ ጩኸት ስለሆነ ስፔክትሮግራም (የድምፅን ድግግሞሽ በጊዜ ላይ የሚያሳይ ሥዕል) ላይ የምትከተሉት መስመር ታጣላችሁ። የአምቡላንስ ሳይረንም እንዲሁ ነው፤ ራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚል የራሱን ለውጥ ከዶፕለር መለየት ይከብዳል።

1. አየሩን ምረጡ

በበጋ ቀትር ላይ አትውጡ። ያን ሰዓት አስፋልቱ ላይ የሚንቀለቀለውን አየር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ድምፁም የሚያልፈው በዚያው ውስጥ ነው። ከዚህ ሌላ ቀን ላይ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ስለሚሞቅ ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ዝቅ ብሎ ከሩቅ የሚመጣ አውሮፕላን ድምፁ ዘግይቶ ይሰማል፣ ቶሎም ይጠፋል። ሌሊትና ንጋት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከታች ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ድምፅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ሌሊት የሩቅ ደብር ቅዳሴ ጥርት ብሎ የሚሰማውም ከተማው ጸጥ ስላለ ብቻ አይደለም።

የሚመቸው ሰማዩ በደመና የተሸፈነበት፣ ቅጠል ብቻ የሚያንቀሳቅስ ንፋስ ያለበት ሰዓት ነው። ክረምት ላይ በሁለት ዝናብ መሃል፣ በበጋ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው።

2. ቦታ

ወደ ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን በ3 ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘቀዝቅ፣ 300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ከመሬት መንኪያው ወደ 6 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ነው። ይህ ርቀት ለእኛ ልክ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይበራል፣ ፍጥነቱም ብዙ አይለዋወጥም። ከአየር ማረፊያው አጥር ሥር ሆኖ መሣሪያ መዘርጋት ግን ከጥበቃ ጋር ከማጋጨት በቀር ጥቅም የለውም፤ እዚያ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ግቢ፣ ሜዳ ወይም ጠፍጣፋ ጣሪያ ይበቃል። ከግድግዳ ራቁ፤ ማስተጋባቱ ሁለተኛ መንገድ ይጨምርባችኋል።

ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር አጠገብ አትቁሙ። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ትራንስፎርመር በ100 ሄርዝ ያጉረመርማል። 100 እና 102 ስፔክትሮግራም ላይ ሲታዩ ጎን ለጎን ናቸው። መለያው ግን ቀላል ነው፤ የመብራቱ መስመር ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ የአውሮፕላኑ ይወርዳል።

3. መቅጃው

ስልኩን በእጅ ይዞ መቅዳት አይሆንም፤ ትሪፖድ ላይ መስቀልም ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ማይኩ 1.5 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከላይ በቀጥታ የመጣው ድምፅና ከመሬት ነጥሮ የመጣው ድምፅ ይገናኛሉ። አውሮፕላኑ አናት ላይ ሲሆን 57፣ 170 እና 284 ሄርዝ አካባቢ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ እነዚህ የጠፉ ቦታዎችም ስለሚንቀሳቀሱ፣ የምትከተሉትን መስመር መሃል ላይ ይቆርጡታል። መፍትሔው ማይኩን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነው። ለስላሳ የጣውላ ወይም የኮምፔንሳቶ ቁራጭ መሬት ላይ አንጥፉና ስልኩን በላዩ አስተኙት። ቀጥታውና የነጠረው ድምፅ አንድ ላይ ስለሚደርሱ መጠፋፋቱ ይቀራል፣ ድምፁም ይጎላል።

ማይኩን በቀጥታ የሚመታው ንፋስ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን ሁሉ በጩኸት ይሸፍነዋል። ሱቅ የሚሸጠው ስፖንጅ ትንሽ ስለሆነ ለዚህ ድግግሞሽ ብዙ አይረዳም። ከዚያ የሚሻለው ሰፋ ያለ የቀርከሃ ቅርጫት ስልኩ ላይ መድፋትና በነጠላ መሸፈን ነው። ስስ ሽመናው ድምፁን ያሳልፋል፣ የንፋሱን ጉልበት ግን ይሰብረዋል። ጋቢ አትጠቀሙ፤ ወፍራም ነው።

መቅጃ መተግበሪያው ላይ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ ፋይሉ ያልታመቀ ዋቭ ይሁን፤ በሰከንድ 48000 ናሙና ይበቃል። ሁለተኛ፣ «የጩኸት ቅነሳ» የሚለውን ዝጉ። ይህ ቅንብር የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ የማያቋርጥ ጉርምርምታን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጠርገዋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ ጉርምርምታ ነው። የስልኩ ሰዓት ትክክለኛነት አያሳስባችሁ።

አውሮፕላኑ ከመሰማቱ በፊት ጀምራችሁ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ቅዱ። በተቻለ መጠን ሁለተኛ ስልክ ከመጀመሪያው 50 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለምን እንደሆነ ስለ ነውጥ ስናወራ ይገባችኋል።

4. የድምፅን ፍጥነት አስሉ

በሴልሺየስ የተለካውን ሙቀት በ0.606 አባዙና 331.3 ጨምሩበት። በ18 ዲግሪ 342.2 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ድምፁ የመጣው ግን ከላይ ስለሆነ የሚያስፈልገው በመንገዱ ላይ ያለው አማካይ ሙቀት ነው። ደመናማ ቀን ላይ አየሩ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ለ300 ሜትር ከፍታ 1.5 ዲግሪ ቀንሱ። ወደ 341 ይመጣል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የድምፅ ፍጥነትም ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። አይቀንስም። የአየር ግፊትና እፍጋት አብረው ስለሚወርዱ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው ሙቀቱ ብቻ ነው። ከፍታው የሚሠራው በአውሮፕላኑ ላይ ነው። በስስ አየር ውስጥ ለመንሳፈፍ የበለጠ መፍጠን ስላለበት፣ አብራሪው በመሣሪያው ላይ 130 ኖት ሲያነብ እውነተኛ ፍጥነቱ በዚያ ከፍታ ከ12 በመቶ በላይ ይበልጣል፤ ወደ 146 ኖት፣ ማለትም 75 ሜትር በሰከንድ። ከዚህ በኋላ ምሳሌያችን ይህ ይሁን፦ 75 ሜትር በሰከንድ፣ 300 ሜትር ከፍታ፣ 102 ሄርዝ።

5. መስመሩን ፈልጉ

ፋይሉን ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቱና ዕይታውን ወደ ስፔክትሮግራም ቀይሩ። ከ50 እስከ 600 ሄርዝ ያለውን ብቻ አሳዩ። እንደ ተገለበጠ ደረጃ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ትይዩ መስመሮች ታያላችሁ። የታችኛው የምላጩ ምት ነው፤ ከላይ ያሉት ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የምቱ 2፣ 3 እና 4 እጥፍ ድግግሞሾች ናቸው። የብዙ ስልኮች ማይክ ከ100 ሄርዝ በታች ስለሚደክም፣ አንዳንዴ ከሃርሞኒኮቹ አንዱ ከዋናው ይልቅ ጎልቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ የመስኮቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚተነትነው የድምፅ ቁራጭ፣ ርዝመት ይወስናል። ረጅም መስኮት ድግግሞሹን አጥርቶ ይለያል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ድግግሞሹ ራሱ ከተንሸራተተ ነጥቡ ይደበዝዛል። የሚመጥነው ርዝመት በሰከንድ፣ 1 ሲካፈል ለድግግሞሹ የቁልቁለት ፍጥነት ስኩዌር ሩት ነው። በምሳሌያችን መስመሩ መሃል ላይ በሰከንድ 6 ሄርዝ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ 0.4 ሰከንድ ገደማ። በ48000 ናሙና 16384 የሚለውን ብትመርጡ 0.34 ሰከንድ ነው፤ ይበቃል። የመስኮቱ ዓይነት ሃን (Hann) የሚለው ይሁን።

በዚህ መስኮት አንዱ የድግግሞሽ ክፍል 2.93 ሄርዝ ይሰፋል። ሸካራ ይመስላል፤ ጫፉን በሦስት ነጥብ ካሻሻልነው ግን ብዙ ይጠራል። ከፍተኛውን ክፍልና የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን በዴሲቤል አንብቡ። ግራው −32፣ መሃሉ −28፣ ቀኙ −30 ቢሆን፦ ግራ ሲቀነስ ቀኝ −2 ነው። የግራና የቀኝ ድምር ሲቀነስ የመሃሉ እጥፍ −6 ነው። −2 ለ−6 ሲካፈል 0.33፣ ግማሹ 0.167። ስለዚህ እውነተኛው ጫፍ ከመሃሉ ክፍል ወደ ቀኝ 0.167 ክፍል፣ ማለትም 0.49 ሄርዝ ፈቀቅ ብሏል። ፓይተን የምትችሉ ይህን በጥቂት መስመር ትሠሩታላችሁ፤ የማትችሉም በየግማሽ ሰከንዱ እያነበባችሁ ኤክሴል ላይ ብትመዘግቡ በአንድ ቀረጻ 40 እና 50 ነጥብ ይወጣችኋል።

የሁሉንም ሃርሞኒክ ነጥቦች ለየቁጥራቸው አካፍሉ፤ የሦስተኛውን ለ3፣ የአራተኛውን ለ4። ሁሉም አንድ ኩርባ ላይ ይሰለፋሉ። ከፍ ያለ ሃርሞኒክ ስሕተቱም አብሮ ስለሚካፈል ይበልጥ ይጠራል፤ ነገር ግን መሃል ላይ ቁልቁለቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። አራተኛው በሰከንድ 24 ሄርዝ ይወርዳልና በመስኮቱ ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ አውሮፕላኑ አናት ላይ ሲሆን የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን፣ ከሩቅ ሲመጣና ሲሄድ የላይኞቹን እመኑ።

6. የሁለት ነጥብ ስሌት፣ ለምን እንደማይበቃ

የሚመጣበትን ድግግሞሽ «ቀ»፣ የሚሄድበትን «ራ»፣ የድምፅን ፍጥነት «ድ»፣ የአውሮፕላኑን ፍጥነት «ፍ»፣ የምንጩን ትክክለኛ ድግግሞሽ «መ» እንበል።

ፍ = ድ × (ቀ − ራ) ÷ (ቀ + ራ)

መ = 2 × ቀ × ራ ÷ (ቀ + ራ)

አውሮፕላኑ እጅግ ሩቅ ሳለ ቀ 130.8፣ ራ 83.6 ይሆናል፤ ስሌቱም 75 ሜትር በሰከንድ ይሰጣል። ችግሩ ያን ያህል ሩቅ ሆኖ መስማት አለመቻላችን ነው። ከማለፉ 10 ሰከንድ በፊትና 10 ሰከንድ በኋላ ብናነብ 129.2 እና 85.2 እናገኛለን። ስሌቱ 70 ይላል። በአንድ ጊዜ 5 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጠፋ፤ ይህም አየሩ ፍጹም ጸጥ ባለበት ነው! ምክንያቱ አውሮፕላኑ በቀጥታ ወደ እኛ ሳይሆን በላያችን አልፎ መሄዱ ነው፤ ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ የሚያመራበት ቅጽበት የለም። ትልቁ ስሕተት የሚገባበት በር ያልኩት ይህ ነው።

7. ሙሉውን ኩርባ አስማሙ

ቀጥ ብሎ በእኩል ፍጥነት የሚያልፍ ምንጭ የሚሰጠው ድግግሞሽ እንዲህ ነው፦

ድግግሞሽ = ሀ − ለ × (ሠ × ጊ) ÷ √(1 + (ሠ × ጊ)²)

«ጊ» አውሮፕላኑ እኛ ጋ በጣም ከሚቀርብበት ቅጽበት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ያ ቅጽበት ራሱ ስለማይታወቅ አራተኛው የሚፈለግ ቁጥር ይሆናል። ሀ የኩርባው መሃል፣ ለ የመውረዱ ግማሽ፣ ሠ የቁልቁለቱ ጥድፊያ ነው። ፓይተን ላይ ሳይፓይ የሚባለውን የስሌት ጥቅል የትንሹ ካሬ ማስማሚያ (ኩርባው ለነጥቦቹ በጣም የሚቀርብባቸውን ቁጥሮች የሚፈልግ)፣ ኤክሴል ላይ ሶልቨርን ተጠቀሙ። መነሻ ግምት መስጠት አትርሱ፦ ለሀ የሁለቱ ጫፎች አማካይ፣ ለለ የልዩነታቸው ግማሽ፣ ለሠ 0.3።

በምሳሌያችን ሀ 107.2፣ ለ 23.6፣ ሠ 0.256 ይወጣል። ከዚያ፦

ፍ = ድ × ለ ÷ ሀ = 341 × 23.6 ÷ 107.2 ≈ 75

መ = ሀ × (1 − (ፍ ÷ ድ)²) ≈ 102

ርቀት = ፍ × ድ ÷ (ሠ × √(ድ² − ፍ²)) ≈ 300 ሜትር

እነዚህ ውስጥ ድምፁ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አስቀድሞ ተካቷል። አውሮፕላኑ አናታችሁ ላይ ሲታይ የምትሰሙት 102 አይደለም፤ 107.2 ነው። አናት ላይ ሆኖ የለቀቀው 102 ከ0.88 ሰከንድ በኋላ ይደርሳችኋል፤ እሱ ግን ያኔ 66 ሜትር አልፏል። በዓይን ያያችሁትን «አሁን አለፈ» ብላችሁ ሰዓቱን በቀመሩ ውስጥ አትቸንክሩት፤ ኩርባው ራሱ ይፈልገው። የማረፊያው ማዘቅዘቅም ችግር የለውም፤ ቀጥ ያለ መስመር እስከሆነ ድረስ ቀመሩ አግድምም ሆነ ዘንበል ያለ ግድ አይሰጠውም፤ የሚወጣው ርቀት ወደዚያ መስመር ያለው አጭሩ ርቀት ነው።

8. ነውጡ

ነውጥ ድግግሞሽን እንዴት እንደሚነካ ለማሰብ ቀላሉ መንገድ የድምፁን የጉዞ ጊዜ መመልከት ነው። የጉዞው ጊዜ ካልተለወጠ ድግግሞሹም አይለወጥም። ለዚህ ነው የማያቋርጥ እኩል ንፋስ የቆመን ሳይረን ድምፅ ቀጭን ወይም ወፍራም የማያደርገው፤ ቶሎ ወይም ዘግይቶ እንዲደርስ ያደርገዋል እንጂ። ድግግሞሹ የሚወላውለው የጉዞው ጊዜ እያጠረ ወይም እየረዘመ ሲሄድ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ሕግ ይወጣል፦ በፍጥነት ግምታችሁ ላይ የሚገባው ቅጽበታዊ ስሕተት፣ ድምፁ የተጓዘበት ሰከንድ ሲባዛ በመንገዱ ላይ ያለው አማካይ ንፋስ በሰከንድ የሚለወጥበት መጠን ነው። በምሳሌያችን ከማለፉ 10 ሰከንድ በፊት የምንሰማው ድምፅ 1020 ሜትር ተጉዟል፤ 3 ሰከንድ ፈጅቶበታል። አማካዩ ንፋስ በሰከንድ 0.3 ሜትር በሰከንድ ቢለወጥ፣ ስሕተቱ 0.9 ሜትር በሰከንድ ነው፤ በድግግሞሽ 0.34 ሄርዝ። ካለፈ 10 ሰከንድ በኋላ የምንሰማው ግን 2 ሰከንድ ብቻ የተጓዘ ስለሆነ ያነሰ ይወላውላል። ቀረጻችሁ ላይ የመምጫው ጎን ከመሄጃው ይልቅ ቢንቀጠቀጥ አትደነቁ። በአንጻሩ በ50 ሜትር ርቀት የምታልፍ ባጃጅ ላይ የጉዞው ጊዜ 0.15 ሰከንድ ስለሆነ ነውጡ ከቁጥር አይገባም።

ንፋሱ ያን ያህል ቶሎ ይለዋወጣል ወይ? በአንድ ቦታ ቆሞ ለሚለካ ላይሆን ይችላል። የእኛ የድምፅ መንገድ ግን ቆሞ አይጠብቅም፤ አንዱ ጫፉ ስልኩ ጋ ተተክሎ ሌላው ጫፉ ከአውሮፕላኑ ጋር በሰከንድ 75 ሜትር እየጠረገ ይሄዳል። ስለዚህ አዙሪቶቹ ወደ መንገዱ እስኪነፍሱ አይጠበቅም፤ መንገዱ ራሱ ከአንዱ አዙሪት ወደ ሌላው ይሻገራል። ሙቀቱም ድርሻ አለው፤ 1 ዲግሪ የሞቀ አየር የድምፅን ፍጥነት በ0.6 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል።

እንዴት እንይዘው? በመጀመሪያ የከሰሙ ነጥቦችን ጣሉ። በተለያየ መንገድ የመጡ ሞገዶች ሲጠፋፉ ድምፁ ለቅጽበት ይከስማል፤ ያኔ የሚነበበው ድግግሞሽ ትርጉም የለሽ ዝላይ ያሳያል። ከአካባቢው አማካይ ጉልበት በ10 ዴሲቤል የወረደ ነጥብ ሁሉ ይውጣ። የቀሩትን በጉልበታቸው መዝኑ። ማስማሚያው ደግሞ ለአፈንጋጭ ነጥብ የማይሸነፍ ዓይነት ይሁን፤ ሳይፓይ ላይ ይህ በአንድ ቃል የሚመረጥ አማራጭ ነው።

ቀጥሎ ሃርሞኒኮቹን አነጻጽሩ። የጉዞ ጊዜ ለውጥ ሁሉንም ሃርሞኒኮች በእኩል መቶኛ ይገፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ከኩርባው በላይ ከተነሱና አብረው ከወረዱ፣ ያ የአየሩ ወይም የአውሮፕላኑ እውነተኛ ለውጥ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ከወረደ የንባብ ጩኸት ነው። ሁለተኛው ስልክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ አየሩንና አውሮፕላኑን ሃርሞኒክ አይለያቸውም። 50 ሜትር የተራራቁ ስልኮች ግን በመጨረሻው የመንገዱ ክፍል የተለያየ አየር ያዳምጣሉ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታይ እብጠት በአብዛኛው ከምንጩ ነው የመጣው፤ አንዱ ላይ ብቻ የታየ ከአየሩ።

9. የስሕተቱን መጠን በሐቀኝነት ጻፉ

ማስማሚያው ሶፍትዌር ራሱ የሚሰጠው «± 0.05» ዓይነት ቁጥር አያሳምናችሁ። እሱ እያንዳንዱን ነጥብ ራሱን የቻለ ምስክር አድርጎ ይቆጥራል። አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ በ1941 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው በነውጥ ውስጥ ጉልበቱ ከትልልቅ አዙሪቶች ወደ ትንንሾቹ እየተሸነሸነ ይወርዳል፤ አብዛኛው ጉልበት ያለው በትልልቆቹ፣ ማለትም በዝግተኞቹ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያሉ ነጥቦች አንድ አዙሪት አብሮ የገፋቸው ናቸው፤ አምስት ምስክር መስለው አንድ ናቸው።

መፍትሔው ቀረጻውን በ2 ሰከንድ ቁራጮች መክፈልና አንድ በአንድ እያወጡ እንደገና ማስማማት ነው። 20 ሰከንድ ያህል ንጹህ መስመር ካለ 10 ቁራጭ ይሆናል። 10 የፍጥነት ግምቶች ታገኛላችሁ። ከአማካያቸው ያላቸውን ልዩነት ካሬ ደምሩ፣ በ0.9 አባዙና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ እሱ ስሕተታችሁ ነው። በጸጥተኛ ጠዋት ከ0.5 ሜትር በሰከንድ በታች ከወጣ ጥሩ ሠርታችኋል። በላዩ የሙቀቱን ጨምሩ፤ ሙቀቱን በ5 ዲግሪ ብትስቱ 0.7 ሜትር በሰከንድ ያህል ይስታል፣ እሱም ሁሉንም ነጥብ በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ ብዙ በመቅዳት አይጠፋም። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ውጡ።

10. አማካዩ ንፋስ

በአውሮፕላኑ መንገድ ላይ የሚነፍስ እኩል ንፋስ፣ አውሮፕላኑ ሲመጣ የድምፁን ፍጥነት ከጨመረ ሲሄድ ይቀንሰዋል። በፍጥነቱ ስሌት ላይ ሁለቱ ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። 5 ሜትር በሰከንድ ንፋስ ከኋላው ቢነፍስ ቀ 130.2፣ ራ 83.4 ይሆናል፤ የሚወጣው ፍጥነት 74.8 ነው። ይህ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት መሆኑን ልብ በሉ።

የማይጣፋው መ ላይ ነው። ያው 5 ሜትር ንፋስ 102ን 101.67 አድርጎ ያወጣዋል። ፕሮፔለሩ በትክክል 1020 ላይ ከቆመ፣ ይህ የሲሶ ሄርዝ ጉድለት ከላይ ያለውን ንፋስ ይነግራችኋል፤ ከኋላ ከነፈሰ መ ይቀንሳል፣ ከፊት ከነፈሰ ይጨምራል። እንዲያውም ሶዳር የሚባለው የሜትሮሎጂ መሣሪያ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ድምፅ ወደ ሰማይ ይልክና ከነውጡ ላይ ተበትኖ የሚመለሰውን አዳምጦ የንፋሱን ፍጥነት በየከፍታው ይለካል፤ ለእሱ ነውጡ ከሌለ ሥራ የለም።

11. አመሳክሩ

መጀመሪያ መ ን ተመልከቱ። ከ85፣ 90 ወይም 102 በግማሽ ሄርዝ ውስጥ ካልወደቀ ፍጥነቱን አታምኑ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሃርሞኒኩን በተሳሳተ ቁጥር አካፍላችኋል፣ ወይ የትራንስፎርመሩ መስመር ነጥቦቻችሁ ውስጥ ገብቷል። አብራሪው እያለፈ ሳለ ፕሮፔለሩን ከ850 ወደ 1020 ከቀየረው መስመሩ በ20 በመቶ ወደ ላይ ሲነሳ በግልጽ ይታያል፤ ያን ቀረጻ ተዉት።

ከዚያ ቀሪውን ልዩነት፣ ማለትም ነጥብ ሲቀነስ ኩርባ፣ በጊዜ ላይ ሣሉት። ያለ ሥርዓት ወደ ላይና ወደ ታች የተበተነ ከሆነ ነውጥ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ትልቅ ሞገድ ካሳየ አውሮፕላኑ ታጥፏል ወይም ፍጥነቱን ቀንሷል፤ የቀጥታ መስመር ቀመሩ አይመለከተውም። በዚህ ጊዜ ከማለፉ በፊትና በኋላ 6 ሰከንድ ብቻ ወስዳችሁ ሞክሩ።

በመጨረሻ ፍላይትራዳር24 በሚባለው የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ የዚያን በረራ የመሬት ፍጥነት ፈልጉ። በኖት ስለሚጽፈው በ0.514 አባዙት። በዚያ ሰዓት 146 ኖት ካለ 75 ሜትር በሰከንድ ነው። የእናንተ ግምት በጻፋችሁት ስሕተት ውስጥ ከወደቀ ቀረጻውን ከሙቀቱ፣ ከደመናው ሁኔታና ከንፋሱ ጋር መዝግባችሁ አስቀምጡ። ሁልጊዜ በ4 እና 5 ሜትር እያነሰ የሚመጣ ከሆነ ነውጡን አትውቀሱ፤ ወደ 6ኛው ተመለሱና ኩርባውን በእውነት አስማምታችሁ እንደሆነ ወይስ ሁለት ጫፍ አንብባችሁ እንደሆነ እዩ።